ቀይ የሆነው ሴል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ የሄሊኮፕተርን ክብደትና ሚዛን በኮምፒውተር ስለማስላት። ከሃያ ዓመት በላይ ሄሊኮፕተር አብርሬያለሁ፤ ካቆምኩ ወዲህ ደግሞ አስተምራለሁ። ይህን ጉዳይ በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ አይሆንልኝም። በተለይ የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሄሊኮፕተር በረራ ተማሪ ነኝ። የክብደትና ሚዛን ስሌቱን በየበረራው በእጅ መሥራት ቢሰለቸኝ በኤክሴል አንድ ሉህ አዘጋጀሁ። ባዶ ክብደት 700 ኪሎ፣ ክንዱ (ከመለኪያው መነሻ ያለው ርቀት) 270 ሳንቲ ሜትር፤ ይህን ከማኑዋሉ የምሳሌ ገጽ ነው የወሰድኩት። አብራሪ 85 ኪሎ፣ ከጎኑ የሚቀመጠው 95 ኪሎ፣ የሁለቱም ክንድ 125። ኋላ የሚቀመጠው 70 ኪሎ፣ ክንዱ 200። የነዳጁ ክንድ 275። የሲጂው፣ ማለትም የክብደቱ ማዕከል፣ የፊት ገደቡ 238፣ የኋላው 260 ነው። በ80 ኪሎ ነዳጅ ስነሳ ሉሁ 240.3 ይላል፣ መልሱ ያለበት ሳጥን፣ ሴሉም፣ አረንጓዴ ነው። 15 ኪሎ ነዳጅ ቀርቶኝ ሳርፍ ግን 238.0 ብሎ ይጽፍና ይቀላል። ገደቡ 238፣ መልሱ 238.0፤ ታዲያ ለምን ይቀላል? ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው? አስተማሪዬ ደግሞ «በእጅህ ካልሠራኸው አላይልህም» ይለኛል። ኮምፒውተር ባለበት ዘመን በእጅ ማስላት ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። ቁጥሮችዎን ወረቀት ላይ አስፍሬ ሠራኋቸው፤ እርስዎም እርሳስ ይያዙና አብረውኝ ይሥሩ። ክብደት በክንዱ ሲባዛ ሞመንት ይባላል፤ ባዶው 700 በ270 ሲባዛ 189,000 ነው። ፊት ያሉት ሁለቱ ሰዎች 180 ኪሎ በ125፣ 22,500። ኋላ ያለው 70 በ200፣ 14,000። የቀረው ነዳጅ 15 በ275፣ 4,125። ሞመንቱ ሲደመር 229,625፣ ክብደቱ ሲደመር 965። ሞመንቱን ለክብደቱ ሲያካፍሉት 237.953 ይመጣል። ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ አሳየኝ ብለው ስላዘዙት 238.0 ብሎ አጠጋጋልዎ። ቀለሙን የሚቀይረው ፎርሙላ ግን ያመዛዘነው ከስክሪኑ ቁጥር ጋር ሳይሆን ውስጥ ካለው ጋር ነው። ሴሉ የቀላው በእውነት ከገደቡ ስለወጡ ነው።

የወጡት በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ይህ ምን ያመጣል ይሉ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግማሽ ሚሊ ሜትሩ አይደለም። ከጎንዎ የሚቀመጠው ሰው 95 ኪሎ ነኝ ያለዎት ምናልባት ጠዋት በባዶ እግሩ ሚዛን ላይ ቆሞ ነው። ጫማና ጃኬት ጨምሮ 98 ቢሆንስ? ሠርቼ አየሁት፤ 237.6 ይወጣል። አሁን ስንጥቁ ወደ አራት ሚሊ ሜትር ተጠጋ። ገደቡ ጫፍ ላይ የሚያርፍ መልስ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት «ውስጥ ነኝ ወይስ ውጭ?» ተብሎ ሳይሆን «ከገመትኳቸው ቁጥሮች የትኛው ቢሳሳት ውጭ እወጣለሁ?» ተብሎ ነው። ሉሁ ላይ ሁለት አሃዝ እንዲያሳይ ያድርጉ፤ ማጠጋጋቱንም ገደቡን ወደሚያጠብበት አቅጣጫ ያድርጉት።

ለምን ይህን ያህል እንደምጠነቀቅ ልንገርዎ። የሄሊኮፕተር አካል ከሮተሩ፣ ከላይ ከሚሽከረከረው ክንፍ፣ ሥር እንደ ግንበኛ ቱምቢ የተንጠለጠለ ነው። ፊቱ ሲከብድ አፍንጫው ያዘቀዝቃል፤ ቀጥ አድርገው ሆቨር ላይ (አየር ላይ ባለበት ቆሞ) ለማቆየት ሳይክሊኩን፣ በእጅ የሚይዙትን የመሪ ዘንግ፣ ወደ ሆድዎ ይስባሉ። ሳይክሊኩ ደግሞ መጨረሻ አለው። ተረጋግተው ሲቆሙ ጥቂት ተርፎት ሊሆን ይችላል። ለማረፍ ፍጥነት ሲቀንሱ፣ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞተር ጠፍቶ አውቶሮቴሽን (ሮተሩ በአየሩ ብቻ እየተሽከረከረ መውረድ) ገብተው አፍንጫውን ቀና ማድረግ ሲኖርብዎት ያ ትርፍ ያልቃል። እጅዎ ይስባል፣ ዘንጉ ግን አይመጣም። ኋላው ሲከብድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳይክሊኩ ወደ ፊት ያልቅብዎታል፣ በፍጥነት ላይ እያሉ ንፋስ ቢመታዎት አፍንጫውን የሚያወርዱበት አያገኙም።

የእርስዎ ችግር ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለቱን ተሳፋሪዎች ያቀያይሯቸው፤ 95 ኪሎው ኋላ፣ 70ው ፊት ይቀመጡ። በ25 ኪሎ ልዩነትና በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት 1,875 ሞመንት ወደ ኋላ ተዛወረ ማለት ነው። ያንን ለ965 ሲያካፍሉት ሲጂው ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሸሸ። ሲያርፉ 239.9፣ ሲነሱ 242.1። ይህን ስሌት በአእምሮ መሥራት የሚችል አብራሪ ሰዎቹ በሩ ላይ እንደቆሙ «እርስዎ ኋላ ይሁኑ» ብሎ ይጨርሰዋል።

በሉህዎ የወደድኩት ነገር ሲነሱም ሲያርፉም ማስላትዎ ነው። ብዙ ሰው መነሻውን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። በእርስዎ ሄሊኮፕተር ነዳጁ ከሲጂው ኋላ ስላለ እየተቃጠለ ሲሄድ ሲጂው ወደ ፊት ይመጣል፤ ስለዚህ ፊት የከበደ ጭነት የሚያስቸግረው በረራው ሲያልቅ ነው። ተቃራኒውንም ይሞክሩት። 55 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብቻውን በ80 ኪሎ ነዳጅ ቢነሳ 260.9፤ ከኋላ ገደቡ ወጣ። ያው ሰው 15 ኪሎ ነዳጅ ሲቀረው 259.7፤ ገባ። እዚህ ላይ ችግሩ ገና ሲነሳ ነው። ብቻውን ለሚበር ሰው ዝቅተኛ ክብደት ማኑዋላቸው ላይ የተወሰነላቸው፣ ቀላል አብራሪ ሲገባባቸው ፊት ላይ ማካካሻ ክብደት የሚታሰርባቸው ሄሊኮፕተሮች ያሉት ለዚህ ነው። 85 ኪሎ ያሉት አብራሪ እርስዎ ይሁኑ አስተማሪዎ ደብዳቤዎ ላይ አልነገሩኝም፤ ብቻዎን የሚበሩበት ቀን ከመድረሱ በፊት ይህን ረድፍ ይሥሩት።

አሁን ወዳስደነገጠኝ ነገር ልምጣ። «ባዶ ክብደቱን ከማኑዋሉ የምሳሌ ገጽ ወሰድኩት» ብለዋል። ወንድሜ፣ በዚያ ቁጥር አይብረሩ። የምሳሌ ገጹ ላይ ያለው ሄሊኮፕተር የማንም አይደለም፤ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት የተጻፈ ነው። እርስዎ የሚበሩባት ሄሊኮፕተር የራሷ የሚዛን መዝገብ አላት። በሩ የተዘጋ ሃንጋር ውስጥ፣ ነፋስ ሳይነካት፣ ተስተካክላ ቆማ፣ ምን ምን ዕቃ እንደተገጠመላት ከዝርዝሩ ጋር ተመሳክሮ ተመዝናለች። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ተቀይሮ፣ ወንበር ወጥቶ፣ ፍለጋ መብራት ተጨምሮ ከሆነ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ባዶ ክብደቷና ክንዷ ተስተካክሏል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ሄሊኮፕተሮች እንኳ አንድ ዓይነት ቁጥር አይኖራቸውም። ከሉህዎ ረድፎች ሁሉ ከባዱ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ከ965 ኪሎ ውስጥ 700ው እሱ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ውስጥ ስሠራ ከጥገና የወጣች ሄሊኮፕተር ተሰጠችኝ። ስሌቱን በጥንቃቄ ሠራሁ፣ መሃል ገደማ ነበርኩ። አንሥቼ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ስትርቅ አፍንጫዋ ወረደብኝ፤ ሳይክሊኩን ስስብ፣ ስስብ፣ የእጄ አንጓ የቀበቶዬን ዘለበት ነካ። የብረቱ ቅዝቃዜ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ትንፋሼን ይዤ ኮሌክቲቩን፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርጋትን ዘንግ፣ ቀስ ብዬ አወረድኩና አስቀመጥኳት። ሞተሩን ዘግተን ስንፈልግ አፍንጫዋ ሥር ለካሜራ የተገጠመ መስቀያ አገኘን። ካሜራው ወርዷል፤ ብረቱ ቀርቷል። መዝገቡ ላይ የለም። ስንመዝነው 11 ኪሎ ነበር። 11 ኪሎ ትንሽ ይመስላል። በእርስዎ ሉህ ላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ክንድ ያስገቡትና ሲጂውን ይዩት፤ 2.3 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይጎትተዋል። ስሌቴ ላይ አንድም የሒሳብ ስህተት አልነበረም።

ከዚህ የከፋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2008 በካሊፎርኒያ ዊቨርቪል አቅራቢያ የእሳት አደጋ ተከላካዮችን ከተራራ ላይ የጫነች ሲኮርስኪ ኤስ 61 ኤን ሄሊኮፕተር እንደተነሳች ወደቀች። ከነበሩባት 13 ሰዎች 9ኙ ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከምክንያቶቹ አንዱ የሄሊኮፕተሯ ባዶ ክብደት ሆን ተብሎ ከእውነተኛው ዝቅ ተደርጎ መጻፉ እንደሆነ ደምድሟል። የኃይል ሰንጠረዡም ተቀይሮ ነበር። አብራሪዎቹ ያሰሉት በተሰጣቸው ወረቀት ላይ ነው። የዓለም ምርጥ ሶፍትዌር ቢሰጣቸውም መልሱ ያው ይሆን ነበር። ስለዚህ ባዶ ክብደቱን ከሌላ ሰው ሉህ ወይም ከወሬ አይውሰዱ፤ መዝገቡን በዓይንዎ አይተው ይጻፉ።

የምሳሌ ገጹን ግን አይጣሉት፤ ሉህዎን የሚፈትኑበት እሱ ነው። በምሳሌው ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ያስገቡ፤ የሉህዎ መልስ ማኑዋሉ ላይ ከታተመው መልስ ጋር እስከ መጨረሻው አሃዝ መግጠም አለበት። ከዚያ ሰውንም ነዳጅንም ሁሉ ዜሮ ያድርጉ፤ መልሱ ወደ ባዶው ክንድ፣ ወደ 270 መመለስ አለበት። ይህ ከኋላ ገደቡ ውጭ ነውና እንዳይደነግጡ፤ ባዶ ሄሊኮፕተር የሚያበር ሰው የለም። ቀጥሎ 100 ኪሎ ልክ ሲጂው ያለበት ክንድ ላይ ይጨምሩ፤ ክብደቱ ይጨምር እንጂ ሲጂው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከነዚህ በአንዱ ከወደቀ ፎርሙላው ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ብዙውን ጊዜ ያ የሆነ ነገር ምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ የተማሪዎቼን ሉሆች ሳገላብጥ ደጋግሜ ያገኘሁት ነው። አንድ ተማሪ የኋላ ተሳፋሪውን ክብደት «70 ኪሎ» ብሎ በፊደል ጻፈው። ኤክሴል ይህን ቁጥር አይለውም፣ ጽሑፍ ነው። መደመሪያው ፎርሙላ፣ ሰም (SUM) የሚሉት፣ ጽሑፍ ሲያገኝ አይጮህም፤ ዘልሎት ያልፋል። አባዝቶ የሚደምረው፣ ሰምፕሮዳክት (SUMPRODUCT) የሚባለውም፣ እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ኋላ የተቀመጠው ሰው ከሒሳቡ ጠፋ። በእርስዎ ቁጥሮች በ80 ኪሎ ነዳጅ ሲነሱ ቢሆን ክብደቱ 960፣ ሲጂው 243.2፤ ሁሉም አረንጓዴ፣ እንዲያውም ከእውነተኛው ያማረ። ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ሴሉን ይገድቡት። ባዶ የተተወ ሴልም እንዲሁ ዜሮ ነውና ሰው ከሌለ 0 ተብሎ ይጻፍ፤ ያልተሞላ ሴል ካለ መልሱ እንዳይታይ ያድርጉ።

ሁለተኛው፣ ከመጨረሻው ረድፍ ሥር አዲስ ረድፍ ሲጨመር ነው። የሻንጣው ክፍል ተረስቶ ኖሮ ታች ተጨመረ እንበል፤ ድምሩ ግን አሁንም የሚደምረው እስከ ድሮው ረድፍ ነው። ሻንጣው ተጽፏል፣ ግን አልተደመረም።

ሦስተኛው ሥዕሉ ላይ ነው። የተፈቀደውን ክልል ሲሥሉ ኤክሴል ላይን (Line) የሚለውን ቻርት መርጠው ከሆነ ይተዉት። ያ ቻርት በአግድሙ ያሉትን የሲጂ ቁጥሮች እንደ ስም ይቆጥራቸውና በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል፤ በ238 እና በ239 መካከል ያለው ክፍተት በ239 እና በ260 መካከል ካለው ጋር እኩል ሆኖ ይታያል። ክልሉ ክልል ይመስላል፣ ቅርጹ ግን ሐሰት ነው። ስካተር (Scatter) የሚለውን ይምረጡ። ዙሪያው እንዲዘጋም የመጀመሪያውን ነጥብ መጨረሻ ላይ ድገሙት። የፊት ገደቡ ከክብደት ጋር የሚያጋድል ከሆነ በሁለቱ ነጥቦች መካከል በቀጥታ መስመር አስልተው ሉሁ ራሱ እንዲያወዳድር ያድርጉ፤ ሥዕል ዓይን ያታልላል።

አስተማሪዎ ልክ ነው። በእጅ ሲሠሩ እጅዎ ላይ የሚቀረው የመጠን ስሜት ነው፤ ሞመንቱ በመቶ ሺዎች እንደሆነ፣ አንድ ሰው ከፊት ወደ ኋላ ሲዛወር ሲጂው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሄድ። እሱ ስሜት ከሌለ ስክሪኑ ያለውን ሁሉ ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኤክሴል 850ን በ77.1 ሲያባዙት 65,535 ማለት ሲገባው 100,000 ብሎ ያሳይ ነበር፤ ማይክሮሶፍት እዚያው ዓመት አስተካከለው። ልብ ይበሉ፣ 850 በ77.1 ማለት የአንድ ሞመንት መስመር ይመስላል። በእጁ የሚሠራ ሰው 100,000ን ሲያይ ወዲያው «ይህ አይሆንም» ይላል። ከወር አንድ ቀን ያለ ኮምፒውተር ይሥሩት።

ጥያቄ፦ የበረራ ኦፕሬሽን ሠራተኛ ነኝ። ለትናንሽ አውሮፕላኖች የተሠራ ሉህ አግኝቼ ቁጥሮቹን በሄሊኮፕተራችን ቁጥሮች ተካሁ። የሚያሰላው የፊትና የኋላውን ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ሰው የምናነሳበት ሆይስት አለን። የግራና የቀኙንም መጨመር አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፤ ዛሬውኑ ይጨምሩት። ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ወንበሮቹ ለመሃሉ ቅርብ ስለሆኑ የጎኑን ብዙ ጊዜ አያሰሉትም። ሄሊኮፕተር ግን ከላይ እንዳልኩት የተንጠለጠለ ነው፤ ወደ ጎን ሲከብድ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ሳይክሊኩም ወደ ጎን ያልቃል። በብዙ ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች የሚፈቀደው በየጎኑ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የሆይስቱን ነገር በቁጥር እንየው። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከመሃል መስመሩ 150 ሳንቲ ሜትር በቀኝ ተንጠልጥሏል፤ 13,500 ሞመንት። የሄሊኮፕተሩ ክብደት ሰውየውን ጨምሮ 2,700 ኪሎ ከሆነ ሲጂው 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሄደ። የሚሄደው ደግሞ እንደ ነዳጅ ቀስ ብሎ ሳይሆን የሰውየው እግር ከመሬት በለቀቀበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ሉሁ ላይ ቢያንስ ሦስት ሁኔታ ይኑርዎት፦ መንጠቆው ባዶ፣ ሰው በገመድ ላይ፣ ሰው ካቢን ውስጥ። የሦስቱም ክንድ ይለያያል። በተጨማሪም ሆይስቱ ራሱ ዕቃ ነው፤ ሲፈታ ባዶ ክብደቱም ክንዱም ይቀየራል።

የሚበዛው ስህተት ምልክቱ ላይ ነው። አብዛኞቹ ማኑዋሎች ቀኝን በመደመር፣ ግራን በመቀነስ ያስቀምጣሉ፤ የእናንተን ማኑዋል አይተው ያረጋግጡ። መቀነሱ ከተረሳ ግራ የተቀመጠው ሰው ቀኝ ካለው ጋር ተደምሮ ይቆጠራል፣ ወይም እውነተኛውን ማዘንበል ይሸፍነዋል። ፈተናው ቀላል ነው፤ እኩል ክብደት በእኩል ርቀት ግራና ቀኝ ያስገቡ፣ የጎኑ ሞመንት ምንም መጨመር የለበትም። አንዳንድ ሄሊኮፕተሮች ላይ የጎኑ ገደብ እንደ ፊትና ኋላው ሲጂ ይጠብባል ወይም ይሰፋል። ሁለቱን ለየብቻ አይተው «ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው» ማለት እዚያ አይበቃም፤ ነጥቡ በአንድ ሥዕል ላይ መቀመጥ አለበት። በሮች አውልቃችሁ የምትሠሩ ከሆነም በሩ ክብደትና ክንድ አለው፣ አንድ ረድፍ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ማኑዋላችን በፓውንድና በኢንች ነው። ነዳጅ የሚቀዳልን በሊትር ነው፤ ተሳፋሪ ክብደቱን የሚነግረን በኪሎ ነው። ሉሁን በየትኛው ልሥራው? ወይስ ሁሉን የሚያደርግ የታብሌት አፕ ልግዛ?

መልስ፦ ሉሁ ማኑዋሉ በተጻፈበት ይሠራ። ገደቦቹና ክንዶቹ ከዚያ ስለሚመጡ እነሱን መቀየር ብዙ ስህተት ይጋብዛል። የሚቀየረው የሚገባው ነገር ነው፤ ያም አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ኪሎ የሚጻፍበት አንድ ሴል፣ አጠገቡ በ2.205 ተባዝቶ ፓውንድ የሚወጣበት አንድ ሴል፤ ሁለቱም ስማቸው ከነመለኪያቸው ተጽፎ። ለነዳጅ ሊትሩን መጀመሪያ ወደ ኪሎ ይቀይሩት፤ የአቪዬሽን ቤንዚን በሊትር 0.72 ኪሎ ያህል፣ ጄት ኤ 1 ደግሞ 0.8 ያህል ነው። 100 ሊትር ቤንዚን 159 ፓውንድ ገደማ፣ 100 ሊትር ጄት 176 ፓውንድ ገደማ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ሄሊኮፕተር ካላችሁ ሉሁ ሁለት ይሁን፤ አንዱን ሉህ ለሁለቱም እየቀያየሩ አይጠቀሙ።

መለኪያ ማቀላቀል ምን እንደሚያመጣ አቪዬሽን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 አንድ ቦይንግ 767 ካናዳ ላይ በአየር እያለ ነዳጁ አለቀበት። የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ነበር፤ ሊትሩን ለመቀየር የተጠቀሙበት 1.77 ግን በሊትር የፓውንድ ቁጥር ነው። የተጫነው ከግማሽ በታች ሆነ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሸራትተው ጊምሊ በሚባል የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ አሳረፉት፤ ማንም አልሞተም። ያን ቀን የተሰላው በብዙ ሰው እጅ ነው፣ ሒሳቡም ደጋግሞ ተሠርቷል። ደጋግመው ያባዙበት ቁጥር ግን አንዱ ነበር።

አፕን በተመለከተ፣ ጥሩ ጥሩዎች አሉ፤ የነዳጁን መቃጠል በመስመር የሚያሳዩት በተለይ ለማስተማር ደስ ይሉኛል። አፕ ሲገዙ ግን መጀመሪያ የሄሊኮፕተር ዓይነት መርጠው ቁጥሮቹ ተሞልተው ከመጡ ይጠንቀቁ፤ ያ ባዶ ክብደት የእናንተ አይደለም። ለመጀመሪያው ጠያቂ የነገርኳቸውን ሦስት ፈተናዎች አፑንም ይፈትኑበት። ሶፍትዌሩ ሲታደስም እንደገና ይፈትኑት። ድርጅታችሁ ፈቃድ ያለው ከሆነ የአገራችሁ ሲቪል አቪዬሽን ከተቀበለው አሠራር ውጭ የገዙትን ወይም የሠሩትን መሣሪያ ለሥራ በረራ አያውሉ፤ መጀመሪያ ያስመዝግቡት።

ሁለቱም፣ ሉሁም አፑም፣ የማይነግሩዎት አንድ ነገር አለ፤ ከከፍተኛው ክብደት በታች መሆን ማለት ሄሊኮፕተሩ እዚያ ቦታ ላይ መቆም ይችላል ማለት አይደለም። ሙቀትና ከፍታ ሲጨምር ኃይል ይቀንሳል፤ የሆቨር ሰንጠረዡ ለብቻው ይታያል። ከሉሁ የሚወስዱት ጠቅላላ ክብደቱን ነው፣ እሱን ይዘው ወደ ሰንጠረዡ ይሂዱ።

ሉሁን ሠርተው ሲጨርሱ ፎርሙላ ያለባቸውን ሴሎች ይቆልፉ፤ የሚሞሉት ብቻ ክፍት ይሁኑ። ከላይ፣ በትልቁ፣ የሄሊኮፕተሯን የምዝገባ ቁጥርና ባዶ ክብደቷ የተመዘነበትን ወይም ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለበትን ቀን ይጻፉ። ከበረራ በፊት ሄሊኮፕተሯ ውስጥ ያለውን መዝገብ አውጥተው ቀኑን ያስተያዩት። ቀኑ ካልገጠመ በሉሁ አይሥሩ፤ መዝገቡን ይዘው ወደ ጥገና ክፍል ይሂዱና ምን እንደተቀየረ ይጠይቁ።